የንጉሥን እጅ ያሰሩ አገሮች፦ እንግሊዝ፣ ኔዘርላንድስ፣ ፖላንድ ወይስ ስዊድን? ከየትኛው እንጀምር

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል ያገራችን ሰው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1649 ለንደን ላይ ግን ንጉሥ ተከሰሰ። ቀዳማዊ ቻርልስ ባርኔጣውን ሳያወልቅ ዳኞቹ ፊት ተቀምጦ፣ እኔን ለመዳኘት ሥልጣኑን ማን ሰጣችሁ እያለ ሲሞግት ሰንብቶ፣ ጃንዋሪ 30 ቀን አንገቱ ተቀላ።

ስለ ሕገ መንግሥታዊ መንግሥት አነሳስ ማጥናት የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ትዕይንት ነው፤ ብዙዎችም እዚያው ይቀራሉ። ታሪክ ሳስተምር በየዓመቱ የሚመጣብኝ ጥያቄ ይህን ይመስላል፦ «የመመረቂያ ጽሑፌን በዚህ ላይ ልሠራ ነው፤ የትኛውን አገር ልያዝ?» የንባብ ክበብ ያላቸው ሰዎችም ይጠይቁኛል፤ ለክፍላቸው ሁለት ሳምንት ብቻ ያላቸው መምህራንም ይጠይቁኛል። መልሴ ለሁሉም አንድ አይደለም፤ ስለዚህ በአንድ ቦታ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው ብያለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አገሮቹን የማወዳድረው በሦስት ጥያቄ ነው። ንጉሡ ገንዘብ ሲያጥረው ማንን ለመለመን ይገደዳል? የሚለመኑት ሰዎች እነማን ናቸው፣ ስለ ማንስ ነው የሚናገሩት? ሁለቱ ወገኖች ሳይስማሙ ሲቀሩ ምን ይከተላል? «መቼ ተጻፈ? ስንት አንቀጽ አለው?» የሚለውን ሆን ብዬ ወደ ኋላ ገፍቼዋለሁ። በተማሪዎቼ ላይ ደጋግሜ ያየሁት ስህተት የወረቀቱን ቀን የነገሩ መነሻ አድርጎ መውሰድ ነው። አንድ ጊዜ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ «ንጉሡ ፓርላማውን ካልወደደው ለምን ጠራው? ዝም ብሎ አይገዛም ነበር?» አለችኝ። ርዕሱን የሚከፍተው ቁልፍ ይሄ ጥያቄ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ትምህርቱን የምጀምረው በእሷ ጥያቄ ነው።

እንግሊዝ፦ ነገሩን ከጥንስሱ እስከ ፍጻሜው ማየት ለሚፈልግ

ቻርልስ በ1629 ፓርላማውን በትኖ 11 ዓመት ያህል ብቻውን ገዛ። ችግሩ ገንዘብ ነበር። አዲስ ግብር ያለ ፓርላማ ፈቃድ መጣል ስለማይችል አሮጌ መብቶችን እየቆፈረ አወጣ። ከነዚህ አንዱ «የመርከብ ገንዘብ» የሚባለው ነው። ልማዱ፣ ጦርነት ሲመጣ የባሕር ዳር ከተሞች ለመርከብ የሚያዋጡት ነበር፤ ቻርልስ ግን በሰላም ጊዜ፣ ባሕር አይተው በማያውቁ የመሐል አገር አውራጃዎች ላይ ሳይቀር ጣለው። ጆን ሃምፕደን የተባለ ባለ ርስት አልከፍልም አለ። የተጠየቀው 20 ሺሊንግ ነው፤ ለእሱ ምንም ማለት አይደለም። የተከራከረው ስለ መርሁ ነበር። ከ12ቱ ዳኞች 7ቱ ለንጉሡ፣ 5ቱ ለእሱ ፈረዱ። ንጉሡ ረታ፤ ግን ሕዝቡ ያስታወሰው አምስቱን ነው።

ከዚያ የስኮትላንድ ጦርነት መጣ። በ1640 የስኮትላንድ ጦር ሰሜን እንግሊዝን ይዞ ተቀመጠና፣ እስኪወጣ ድረስ በቀን 850 ፓውንድ ይከፈለው ተባለ። የልጅቷን ጥያቄ የሚመልሰው ይህ ቁጥር ነው። ንጉሡ ይህን ገንዘብ ከየት ያመጣዋል? ሳይወድ በግድ ፓርላማውን ጠራ። የተጠሩት ደግሞ ገንዘቡን ከመስጠታቸው በፊት 11 ዓመት ሲጠራቀም የኖረ አቤቱታቸውን አወጡ፤ በ1641ም ያለ ራሳቸው ፈቃድ እንዳይበተኑ ሕግ አስፈረሙት።

ጃንዋሪ 4 ቀን 1642 ቻርልስ ወታደሮች አስከትሎ ወደ ፓርላማው የታችኛው ምክር ቤት ገባ፤ አምስት አባላትን ሊይዝ። ሰዎቹ ቀድመው ሾልከው ወጥተዋል። ንጉሡ የአፈ ጉባኤውን ወንበር ይዞ «የት አሉ?» ሲል አፈ ጉባኤው ዊልያም ሌንታል ተንበረከከ፤ ተንበርክኮም፣ በዚህ ቤት ምክር ቤቱ ካላዘዘኝ በቀር የማይበት ዓይን፣ የምናገርበት አንደበት የለኝም አለ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡበት። ጉልበቱ ለንጉሡ ተንበርክኳል፤ አንደበቱ ግን ለምክር ቤቱ ቆሟል። እኔ ይህን ትዕይንት ከንጉሡ አንገት መቀላት አስበልጬ አስተምረዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ቀጥ ያለ አይደለም፤ የእንግሊዝን ታሪክ ለጥናት ጥሩ የሚያደርገውም ይሄው ነው። የርስ በርስ ጦርነት፣ የንጉሡ መገደል፣ የፓርላማው ጦር አዛዥ የነበረው የክሮምዌል አገዛዝ። በ1653 ባለ 42 አንቀጽ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ወጣ፤ አራት ዓመት አልሞላውም። በ1660 ዘውዱ ተመለሰ። በ1688 ንጉሡ ዳግማዊ ጄምስ ከአገር ሸሸ፤ የደች መስፍን የሆነው ዊልያምና ሚስቱ ሜሪ ዘውዱ ቀረበላቸው። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1689 የመብት መግለጫው የተነበበላቸው በዋይትሆል ቤተ መንግሥት የግብዣ አዳራሽ ውስጥ ነው። የዚያን አዳራሽ ጣሪያ በሩበንስ ሥዕል ያስጌጠው ቻርልስ ነበር፤ ሥዕሉ አባቱን ንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስን ወደ ሰማይ ሲያርግ ያሳያል። ቻርልስ ወደ መሞቻው የሄደው በዚያው ሥዕል ሥር አልፎ ነው። ከ40 ዓመት በኋላ አዲሶቹ ነገሥታት፣ ያለ ፓርላማ ግብር እንዳይጣል፣ ሕግ እንዳይታገድ፣ በሰላም ጊዜ ጦር እንዳይቆም የሚለውን የሰሙት በዚያው ጣሪያ ሥር ነው። ሕንፃው ዛሬም አለ፤ ለንደን የምትኖሩ ሄዳችሁ ቀና ብላችሁ እዩት።

እንዲያም ሆኖ ንጉሡን ያሰረው መግለጫው ብቻ አይመስለኝም። ፓርላማው የጉምሩክ ገቢውን ለዊልያም የዕድሜ ልክ አድርጎ አልሰጠውም፤ ለጥቂት ዓመት ብቻ ነው የፈቀደለት። የጦሩን ዲሲፕሊን የሚያስጠብቀው ሕግም በየጊዜው እየታደሰ የሚቆይ ነበር። ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ስለነበር ገንዘቡ አያልቅም። ንጉሡ በየዓመቱ መጥራት ግድ ሆነበት፤ ከ1689 ጀምሮ ፓርላማው ሳይሰበሰብ የዋለበት ዓመት የለም። በ1694 የእንግሊዝ ባንክ ሲቋቋም ለመንግሥት 1.2 ሚሊዮን ፓውንድ አበደረ፤ አበዳሪው ያመነው የንጉሡን ቃል ሳይሆን ከጀርባው የቆመውን ፓርላማ ነው። በ1701 ደግሞ ዳኞች በንጉሡ ፈቃድ ከወንበራቸው እንዳይነሡ ተደነገገ።

ድክመቱን አለመናገር ግን ተማሪን ማታለል ነው። መራጮቹ ባለ ንብረት ወንዶች፣ ያውም ጥቂቶች ናቸው። ካቶሊኮች ከዘውድም ከፓርላማም ውጭ ሆኑ፤ አየርላንድ ውስጥ ያሉት ካቶሊኮች የተረፋቸው መብት ሳይሆን የቅጣት ሕግ ነበር።

ኔዘርላንድስ፦ ሥልጣን ከታች ወደ ላይ እንዴት እንደሚገነባ ለሚጠይቅ

የስፔኑ ዳግማዊ ፊሊጶስ ኔዘርላንድስን በሹሞቹ ያስተዳድር ነበር። የአልባው መስፍን ጦር ይዞ መጥቶ፣ በሽያጭ ላይ አሥር በመቶ ግብር ሊጥል ሞከረ። ነጋዴ ለሚኖርበት አገር ይሄ ጉሮሮን ማነቅ ነው፤ አንድ ዕቃ አምስት እጅ ከተዘዋወረ አምስት ጊዜ ይቀረጣል። በዚህ ላይ የሃይማኖቱ ስደት ተጨመረ። በ1579 በዩትሬክት የተዋዋሉት አውራጃዎች በ13ኛው አንቀጻቸው ማንም ሰው በሃይማኖቱ ምክንያት እንዳይመረመር ጻፉ። ጁላይ 26 ቀን 1581 ደግሞ ፊሊጶስን ጌታችን አይደለህም አሉት። የዚያ ሰነድ መግቢያ ለማንም ሰው ይገባል፦ ሕዝብ ለመስፍን አልተፈጠረም፣ መስፍን ነው ለሕዝብ የተሾመው፤ እንደ እረኛ መጠበቅ ሲገባው ከጨቆነ ጌታ አይባልም፣ ሌላ መምረጥ ይቻላል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። እነዚህ ሰዎች ሪፐብሊክ ሊመሠርቱ አልተነሡም። ፊሊጶስን ሲሽሩ ሌላ መስፍን ፍለጋ ላይ ነበሩ፤ የፈረንሳዩን የአንጁን መስፍን ሞከሩ፣ ከዚያ ከእንግሊዝ የመጣውን የሌስተርን መስፍን አገረ ገዥ አደረጉ፤ ሁለቱም አልበጁም። ጌታ አጥተው ነው ራሳቸውን የገዙት። ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓት በእቅድ ብቻ ይወለዳል ብሎ ለሚያምን ሰው ከዚህ የተሻለ ማስተባበያ አላውቅም።

አሠራሩ እንደ ፌዴሬሽን ለሚያስብ ሰው ይጠቅማል። ሰባት አውራጃዎች ሄግ ላይ በጋራ ምክር ቤት ይሰበሰባሉ፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ ድምፅ። ሆላንድ ብቻውን የጋራ ወጪውን 58 በመቶ ያህል ይሸፍን ነበር፤ ድምፁ ግን ያው አንድ ነው። ግጭት ሲመጣ ፍጥጫው ከባድ ነበር፤ አገሩን ለ30 ዓመት የመራው የ71 ዓመቱ ሽማግሌ ኦልደንባርኔቬልት በ1619 ተሰየፈ፤ በ1672ም የሆላንድ ዋና ሹም የነበረው ያን ደቪትና ወንድሙ በሄግ ጎዳና በሕዝብ እጅ ተገደሉ። ከተሞቹን የያዙት ቤተሰቦችም እርስ በርስ ሹመት የሚቀባበሉ ነበሩ። ለዚህ ርዕስ የሚያስቸግረው ቋንቋው ነው፤ ደችኛ የማያነብ ሰው የሁለቱን ዋና ሰነዶች የእንግሊዝኛ ትርጉም አግኝቶ በዚያ መወሰን ይኖርበታል።

ፖላንድ፦ ማንም የማይመርጠው፣ እኔ አጥብቄ የምመክረው

ተማሪዎቼ ፖላንድን ሲያልፉ ልቤ ያዝናል፤ እንግሊዞች በ1689 ያገኙትን አብዛኛውን ነገር ፖላንዶች ከመቶ ዓመት በላይ ቀድመው ጽፈውት ነበርና። በ1505 «አዲስ ነገር ያለ የጋራ ስምምነት አይደነገግም» የሚል ሕግ ወጣ። በ1569 ከሊቱዌኒያ ጋር አንድ መንግሥት ሆኑ። በ1572 ንጉሡ ያለ ወራሽ ሲሞት፣ በዓመቱ ዋርሶ አጠገብ ሜዳ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መኳንንት ተሰብስበው ንጉሥ መረጡ። የመረጡት የፈረንሳዩን ንጉሥ ወንድም ሄንሪን ነው፤ ግን እንዲሁ አልሰጡትም፤ አንቀጾች አስማሉት። ምክር ቤቱ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ለስድስት ሳምንት ይሰበሰባል። ያለ ምክር ቤቱ አዲስ ግብር የለም። ወራሽ መሰየም የለም። ንጉሡ ከነዚህ አንዱን ካፈረሰ መኳንንቱ ከመታዘዝ ነጻ ናቸው። በዚያው ዓመት በሃይማኖት ልዩነት ደም ላለመፋሰስም ተማማሉ፤ ፓሪስ ውስጥ ፕሮቴስታንቶች ከታረዱ ገና ዓመት ሳይሞላው።

ሄንሪ ብዙ አልቆየም። ወንድሙ መሞቱን ሲሰማ በጁን 1574 በሌሊት ከክራኮቭ ቤተ መንግሥት ሾልኮ ወጥቶ፣ የፖላንድ ሹሞች በፈረስ እያሳደዱት፣ ድንበር ተሻገረ። አንቀጾቹ ግን ቀሩ፤ ከእሱ በኋላ የነገሡት ሁሉ ማሉባቸው።

ታዲያ ምን አበላሸው? ሦስተኛው ጥያቄዬ የሚመለሰው እዚህ ነው፦ አለመስማማት ሲመጣ መውጫው ምንድን ነው? በፖላንድ ምክር ቤት ሕግ የሚያልፈው በሙሉ ስምምነት ነበር። በ1652 አንድ ተወካይ ብቻውን ተቃውሞ ጉባኤውን አስቀረ፤ ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። አንድ ሰው «አልፈቅድም» ካለ፣ የዚያ ጉባኤ ሥራ ሁሉ ይፈርሳል። ጎረቤት ነገሥታት አንድ ተወካይ በገንዘብ መግዛት እንደሚበቃቸው ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። በሣልሳዊ አውግስጦስ ዘመን፣ ሠላሳ ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ፣ ሥራውን የጨረሰው ጉባኤ የ1736ቱ ብቻ ነው። ንጉሡ ታስሯል፤ ግን መንግሥቱም አብሮ ታስሯል። ጦር የሚያቆም ግብር እንኳ መወሰን አቃታቸው። በመጨረሻ ሜይ 3 ቀን 1791 አንድ ሰው ብቻውን ጉባኤ የሚያፈርስበትን መብት የሰረዘ ሕገ መንግሥት አወጁ፤ ሩሲያ በዓመቱ ወረረቻቸው፤ በ1795 አገሪቱ ከካርታ ጠፋች።

የገበሬውን ነገር ደግሞ አትርሱ። «ነጻነት» እያሉ የሚምሉት ከሕዝቡ አሥር በመቶ የማይሞሉ መኳንንት ናቸው፤ ከሥራቸው ያለው ገባር ከርስቱ ወዲያ ማለት የማይችል ነበር። ንጉሥ ሲዳከም ገባሩን ከጌታው የሚያስጥለው ማን ነው? በእንግሊዙ ታሪክ ላይ ይህን ጥያቄ ማንሣት ይረሳል፤ ፖላንድ ግን ግድ ትላችኋለች።

ስዊድን፦ ለአጭር ጽሑፍ የተመቸ

ጊዜ ለሌለው ሰው ስዊድንን እሰጠዋለሁ፤ ጅማሬውም ፍጻሜውም በ53 ዓመት ውስጥ ያለ ታሪክ ነው። አሥራ ሁለተኛው ካርል አገሩን በጦርነት አራቁቶ በ1718 ጦር ሜዳ ላይ በጥይት ወደቀ። በቀጣዩ ዓመት፣ ከዚያም በ1720፣ ሥልጣኑን ለምክር ቤቱ የሚያስረክብ ሕገ መንግሥት ወጣ። ምክር ቤቱ አራት ክፍል ነበረው፦ መኳንንት፣ ካህናት፣ የከተማ ነዋሪዎች፣ አራተኛው ደግሞ ገበሬዎች። በዚያ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ገበሬ በራሱ ወንበር መቀመጡ ብርቅ ነው፤ ምንም እንኳ የውጭ ጉዳይ ከሚመከርበት የምሥጢር ኮሚቴ ቢገለልም።

ከዚህ ታሪክ አንድ ዕቃ ላሳያችሁ፦ ማኅተም። ንጉሥ አዶልፍ ፍሬድሪክ ያልወደደውን ውሳኔ አልፈርምም ማለት ሲያበዛ፣ በ1756 የፊርማውን ቅርጽ የያዘ ማኅተም ሥራ ላይ እንዲውል ተወሰነ። ንጉሡ ካልፈረመ የአገሪቱ አማካሪ ሸንጎ ማኅተሙን አንሥቶ ይመታበታል። ንጉሥ ሳይኖር የንጉሥ ፊርማ። የመንግሥት ሥልጣን ከሰውየው ተላቆ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሲሻገር በእጅ የሚዳሰስ መልክ ያገኘበት ቦታ ይሄ ነው።

በ1766 የፕሬስ ነጻነት ሕግ ወጣ። ነገር ግን ሁለቱ ፓርቲዎች፣ «ባርኔጣዎች» እና «ቆቦች» የሚባሉት፣ አንዱ ከፈረንሳይ ሌላው ከሩሲያና ከእንግሊዝ ገንዘብ ይቀበሉ ነበር። ኦገስት 19 ቀን 1772 ወጣቱ ሣልሳዊ ጉስታቭ በወታደር ታግዞ ሥልጣኑን መልሶ ወሰደ፤ ደምም አልፈሰሰ። ሕዝቡ ለምን ዝም አለ? ለሃያ ገጽ ጽሑፍ የሚበቃ ጥያቄ ነው።

ፈረንሳይና ዴንማርክ

ፈረንሳይን ብዙ ሰው ስለሚያውቃት አላበዛም። ነገሥታቱ የመደቦች ተወካዮች የሚሰበሰቡበትን አጠቃላይ ጉባኤ ከ1614 በኋላ 175 ዓመት ሳይጠሩት ኖሩ። በ1788 ከወጪያቸው ግማሽ ያህሉ ለዕዳ የሚሄድ ሆነና በ1789 ጠሩት፤ የሆነውን ታውቃላችሁ። ለዚህ ርዕስ ፈረንሳይን የምመርጠው ለማነጻጸሪያ ብቻ ነው፦ ንጉሡ ሹመት እየሸጠና እየተበደረ ይህን ያህል ዘመን ሳይጠራ መቆየት እንዴት ቻለ?

ዴንማርክን የምጨምረው የተጻፈ ሕግ ሁሉ ንጉሥ የሚያስር ለሚመስለው ሰው ነው። በ1665 የወጣው የዴንማርክ «የንጉሥ ሕግ» የተጻፈው ንጉሡን ለመፍታት ነው፤ ከሉተራን ሃይማኖቱ እንዳይወጣ፣ ግዛቱን እንዳይከፋፍል፣ ሥልጣኑንም እንዳይቀንስ ብቻ ያዝዘዋል። እስከ 1709ም ሳይታተም ቆየ። በእኛ አቆጣጠር በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለሕዝባቸው የሰጡትን፣ በጃፓኑ አምሳያ የተዘጋጀውን ሕገ መንግሥት ለሚያጠና ሰው፣ ከእንግሊዙ ይልቅ ይህን አጠገቡ ቢያስቀምጥ የተሻለ ይመስለኛል፤ ዘውድ የሰጠው ሕግና ዘውድን አስገድደው ያስፈረሙት ሕግ የተለያዩ ናቸውና።

እንግዲህ ምን ትይዛላችሁ?

የመመረቂያ ጽሑፍ ከሆነ፣ ምንጭ የሚበዛላችሁ እንግሊዝ ነው፤ ግን ከ1215 አትጀምሩ። የዚያን ዓመቱን የመብት ሰነድ፣ ማግና ካርታን፣ መግቢያ ላይ ሁለት አንቀጽ ሰጥታችሁ ከ1628 እስከ 1701 ባለው ላይ ቆዩ፤ ከዚያም አንድ ክር ብቻ ምዘዙ፣ ግብርን፣ ጦርን ወይም ዳኞችን። ሦስቱንም የያዘ ጽሑፍ አንዱንም ሳይጨርስ ሲያልቅ አይቻለሁ።

ለንባብ ክበብ ኔዘርላንድስ ይሻላል፤ የ1581ዱ ሰነድ መግቢያ በአንድ ምሽት ተነቦ ሲያከራክር ያመሻል። ሁለት ሳምንት ላለው መምህር፣ አንዱን ሳምንት ለሌንታል፣ ሌላውን ለስዊድኑ ማኅተም ስጡ፤ ተማሪ ትዕይንቱን ከያዘ ዓመተ ምሕረቱ ራሱ ይከተላል። የፌዴሬሽንና የድምፅ አሰጣጥ ጉዳይ የሚከነክነው ሰው ኔዘርላንድስንና ፖላንድን ያጣምር፦ ሁለቱም ዘንድ ሙሉ ስምምነት ይፈለግ ነበር፤ በአንደኛው ሆላንድ ከፋይ ስለሆነ ሌሎቹን ይጎትታል፣ በሁለተኛው ግን የሚጎትት አልነበረም።

ነጻ ሆናችሁ፣ ማንም ሳያስገድዳችሁ የምታነቡ ከሆነ ግን እባካችሁ እንግሊዝንና ፖላንድን አብራችሁ ያዙ። የ1689ኙን የእንግሊዝ ድንጋጌና የ1573ቱን የፖላንድ አንቀጾች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርጉ። የሁለቱንም የግብር አንቀጽ አስምሩበት፤ ይመሳሰላል። ከዚያ ሕዝቡ ከመታዘዝ ነጻ የሚሆንበትን ቦታ ፈልጉ። በፖላንዱ፣ ንጉሡ ሕግ ካፈረሰ ነው። በእንግሊዙ፣ ዘውድ የጫነው ካቶሊክ ከሆነ ወይም ካቶሊክ ካገባ ነው። ጽሑፋችሁን ከዚያ ልዩነት ጀምሩ።